መድኃኒቱስ ለማን ነው?

«እኔን አሽሎኛል፣ አንተንም ያሽልሃል።» ይህችን ቃል ዶርም ውስጥ ያልሰማ ተማሪ ያለ አይመስለኝም። የተረፈ ኪኒን እንደ ቆሎ ተካፍለን እንውጣለን። ነገር ግን አንዱን ያሻለ መድኃኒት ሌላውን ሊጎዳ ይችላል፤ ምክንያቱም መድኃኒቱን የሚፈጨው ኢንዛይም በዘር የምንወርሰው ነው።

ኮዴይን የተባለውን የሕመም ማስታገሻ እንውሰድ። ኮዴይን የሚሠራው ጉበት ውስጥ ወደ ሞርፊን ሲለወጥ ነው። ለዋጩን ኢንዛይም የሚያዘው ሲዋይፒ2ዲ6 የሚባለው ዘረመል ሲሆን አንዳንድ ሰው ትርፍ ቅጂ ይዞ ይወለዳል። እንዲህ ያለው ሰው ጋ ሞርፊኑ ቶሎና በብዛት ይመረታል፤ በተለይ ሕፃናትን ትንፋሽ እስከማሳጣት ይደርሳል። እሌኒ አክሊሉና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተሙት ጥናት ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29 በመቶው ትርፍ ቅጂ ነበራቸው። በስዊድናውያን ዘንድ ግን ከ1 እስከ 2 በመቶ ብቻ ነው። የእኛ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ባለሥልጣን ኮዴይንን ያገደው በ2015 ነው፤ ከ19 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው!

እገዳው ትክክል ነበር እላለሁ። ሆኖም ማን ትርፍ ቅጂ እንዳለው ለይተን ስለማናውቅ ለሁሉም ከለከልን። በአንዳንድ አገር ሆስፒታሎች ግን የሕመምተኛው ዘረመል ተነቦ መዝገቡ ላይ ይሰፍራል፤ ሐኪሙም መድኃኒት ሲያዝ ያየዋል።

«ጓንት በሚጠፋበት አገር ዘረመል ማንበብ ቅንጦት ነው» የሚሉ አሉ። ሐሳባቸው ይገባኛል። ነገር ግን በኮቪድ ጊዜ አዲስ አበባ ያሉት የአርማወር ሐንሰን ምርምር ኢንስቲትዩትና የኢትዮጵያ ሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት የቫይረሱን ዘረመል አንብበዋል። ስለዚህ ከዜሮ አንነሳም።

ደግሞም ሁሉ ነገር ትልቅ መሣሪያ አይጠይቅም። ከአዳማ እስከ ባቱ የምናውቀው ቫይቫክስ ወባ ጉበት ውስጥ ተደብቆ ቆይቶ ይመለሳል። የተደበቀውን የሚያጠፋው ፕሪማኪን ነው፤ ነገር ግን ጂ6ፒዲ የተባለው ኢንዛይም በዘር የሚያንሰውን ሰው ቀይ የደም ሴል ያፈርስበታል። ይህን ለማወቅ ከጣት የሚወሰድ ጠብታ ደም ይበቃል። እኔን ብትጠይቁኝ እኛ መጀመር ያለብን ከዚህ ነው፤ ምርመራው በየጤና ጣቢያው ይግባ።

የእኛስ የጋዜጠኝነት ተማሪዎች ድርሻ? ያ 29 በመቶ በእንግሊዝኛ መጽሔት ታትሞ ሲቀመጥ፣ ለልጇ የሳል ሽሮፕ የምትገዛ እናት በአማርኛም በኦሮምኛም የነገራት ማን ነው? ሳይንቲስቱ ሥራውን ሠርቷል። ፋርማሲ ገብቶ «ስንት ነው?» የሚለው ሰው «ለእኔ ይስማማል ወይ?» ብሎም እንዲጠይቅ ማድረግ የእኛ ሥራ ነው። ሌላ 19 ዓመት መጠበቅ የለብንም።