ከፍታው ለምን ይሆን?



በስኮትላንድ፣ በኤድንብራ ከተማ፣ አርተርስ ሲት የምትባል ኮረብታ አለች። ከባሕር ጠለል በላይ 251 ሜትር ብቻ ናት። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ባለችው አዲስ አበባ ለኖርን ሰዎች ምንም አይደለችም። ሆኖም ከጥቂት ወገኖች ጋር ስንወጣት ትንፋሽ አጠረን። ጫፏ ላይ ስንደርስ በአንድ በኩል የፎርዝ ባሕረ ሰላጤ፣ በሌላው በኩል ጆን ኖክስ ይሰብክበት የነበረው የቅዱስ ጃይልስ ቤተ ክርስቲያንና አሮጌው ከተማ ወለል ብለው ታዩን።

አንድ ወንድም ከተማውን ዝም ብሎ ሲያይ ቆየና፣ "ፓስተር፣ 'የከፍታ ዘመንህ ነው' ከተባልኩ ሦስት ዓመት አለፈኝ። ይባስ ብሎ ሥራዬንም አጣሁ። እግዚአብሔር ዘለለኝ ይሆን?" አለን። አፈርን። ያንን ቃል እኛም ከመድረክ ብዙ ጊዜ አውጀነዋልና።

ከፍታን የምንሰብክበት መንገድ መታረም አለበት ብለን እናምናለን። ዛሬ ከፍታ ስንል ሰው አንጋጦ የሚያየን ቦታ ማለታችን ሆኗል። ነገር ግን ጌታን በጣም ከፍ ወዳለ ተራራ አውጥቶ የዓለምን ክብር ያሳየው ማን ነበር? ፈታኙ ነው (ማቴ 4፥8)። ጌታ ራሱ ከደብረ ዘይት ቁልቁል ሲወርድ፣ ሕዝቡ እያመሰገነው ሳለ፣ ኢየሩሳሌምን አይቶ አለቀሰ (ሉቃ 19፥37-41)። ከዚያ ከፍታ ላይ ያየው የራሱን ዝና ሳይሆን የከተማይቱን ጥፋት ነበር።

እግዚአብሔር ከፍ አያደርግም እያልን አይደለም። ዮሴፍን ከእስር ቤት አውጥቶ ሾሞታል። ዮሴፍ ግን ለወንድሞቹ የነገራቸው የተላከው ሕይወትን ለማዳን እንደሆነ ነው (ዘፍ 45፥5)። ያቺ ኮረብታም ብዙ የምታሳየው ረጅም ስለሆነች ሳይሆን ከሰው መኖሪያ አጠገብ ስለቆመች ነው። ከፍ ያልነውም ታች ያሉትን አይተን እንድንወርድላቸው ነው።

ለወንድማችን፣ "እግዚአብሔር አልዘለለህም፤ እኛ ግን እርሱ ያልተናገረውን ተናግረንህ ከሆነ ይቅር በለን" አልነው። አብረን ጸልየን ወረድን።

አገልጋዮች ሆይ፣ እንዲህ ያለ ይቅርታ ያለብን ሰው ካለ ዛሬውኑ እንደውልለት። ጌታ ይርዳን። አሜን።