የኮምፒዩተርን የፊደል ገበታ ስለ ማወቅ

በፍርድ ቤት ደጅ በየቀኑ እንደምናየው፤ ብዙ እናቶችና አባቶች አቤቱታቸውን ለማስጻፍ ሲሉ የቤታቸውን ምሥጢር ለማያውቁት ሰው ይነግራሉ። የልጅ ቀለብ፥ የውርስ ክርክር፥ የባልና የሚስት ጠብ በሌላ ሰው ጣት ይጻፋል፤ እነርሱም ደግመው ሳያነቡ ይፈርሙበታል። ማንበብና መጻፍ የሚችሉት እንኳ ከኮምፒዩተር ፊት ሲቀመጡ «ብነካው ይበላሽብኛል» እያሉ እጃቸውን ይሰበስባሉ። ይህ ፍርሃት የቁልፎቹን ሥራ ካለማወቅ የሚመጣ ስለ ሆነ፤ ዛሬ ዋና ዋናዎቹን ለቤተ ሰብ በሚጠቅም አኳኋን እንገልጻለን።

የቁልፎቹ አሰላለፍ ከጽሕፈት መኪና የተወረሰ ነው። በአሜሪካ አገር ክሪስቶፈር ሾልስ ከባልንጀሮቹ ጋራ ያሰበውን መኪና፥ ጠመንጃ ይሠራ የነበረው የሬሚንግተን ፋብሪካ ሠርቶ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1874 ለገበያ አወጣው። በ1878 የወጣው ሁለተኛው ሬሚንግተን ደግሞ በአንድ ቁልፍ ትልቁንም ትንሹንም ፊደል የሚያስጽፍ ሺፍት የተባለ ቁልፍ ጨመረ። የቃሉ ትርጓሜ ፈቀቅ ማድረግ ነው፤ በዚያ መኪና ላይ ወረቀቱን የያዘው ክፍል በእውነት ፈቀቅ ይል ነበርና። ዛሬ ፈቀቅ የሚል ነገር ባይኖርም ስሙ እንደ ጸና ነው።

ወደ እኛ ፊደል ስንመጣ፤ 33ቱን ፊደላት ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ስንቈጥራቸው፥ ዲቃሎቹን ሳንጨምር 231 ይሆናሉ። ገበታው ግን አብዛኛውን ጊዜ መቶ ያህል ቁልፍ ብቻ ሲኖረው፤ ከእነዚህም የላቲን ፊደል ያለባቸው 26 ናቸው። ስለዚህ በብዙዎቹ የአማርኛ መጻፊያ ዘዴዎች ኤስ የተባለውን ቁልፍ ስንነካ አስቀድሞ ሳድሱ «ስ» ይወጣል። ዩ የተባለውን ብናስከትልበት ካዕቡ «ሱ»፥ ኤ የተባለውን ብናስከትል ራብዑ «ሳ»፥ ኦ የተባለውን ብናስከትል ሳብዑ «ሶ» ይሆናል። ፊደልን ከነቤቱ ለተማረ ሰው ይህ አዲስ ትምህርት አይደለም፤ የለመደውን ቈጠራ በጣቱ መድገም ነው።

ሺፍት በአማርኛም ከባድ ኀላፊነት አለበት። ቲ የተባለውን ብቻውን የነካ «ት»ን ሲያገኝ፤ ሺፍትን ይዞ የነካ «ጥ»ን ያገኛል። እንግዲህ «ልጄ ጠፋ» ብላ ልታመለክት የመጣች እናት ጸሓፊው ሺፍትን ቢረሳ «ልጄ ተፋ» ተብሎ ይጻፍላታል። አንዲት ቁልፍ የእናትን ዕንባ መሳቂያ ታደርገዋለች። ካፕስ ሎክ የተባለው ደግሞ የላቲኑን ፊደል በትልቁ ይቈልፈዋል፤ ትክክለኛው የምሥጢር ቃል ተቀባይነት ሲያጣ አስቀድሞ ይህን ቁልፍ መመልከት ይገባል።

ባክስፔስ ከጠቋሚው መስመር በስተግራ ያለውን ፊደል ሲያጠፋ፤ ዴሊት በስተቀኝ ያለውን ያጠፋል። ኢንተር በደብዳቤ ላይ አዲስ መስመር ይከፍታል፤ በብዙዎቹ የመልእክት መለዋወጫዎች ላይ ግን የተጻፈውን ወዲያው ይልከዋል። ስለዚህ በቍጣ የጻፍነውን ነገር፥ ጣታችን ወደ ኢንተር ሳይሄድ፥ ደግመን ብናነብ ብዙ ጠብ ይቀራል።

ለሚፈሩት ሰዎች ከሁሉ የሚበልጠው መድኀኒት ግን ኮንትሮል የተባለው ቁልፍ ነው። ረጅም ጽሑፍ በድንገት ቢጠፋ፤ ሳይደነግጡ ኮንትሮልን ይዞ ዜድን መንካት ነው፤ በአብዛኛው የጠፋው ይመለሳል። ኮንትሮልን ይዞ ኤስን መንካት ደግሞ በብዙዎቹ የጽሕፈት ፕሮግራሞች የተጻፈውን ያስቀምጣል። እነዚህን ሁለቱን ያወቀ ሰው ከእንግዲህ ወዲያ በገበታው ፊት እጁ አይንቀጠቀጥም። ኤፍና ጄ በተባሉት ላይ በጣት የሚዳሰሱ ትንንሽ ጕብታዎች አሉ፤ ሁለቱ ሌባ ጣቶች በዚያ ሲያርፉ የቀሩት ጣቶች ስፍራቸውን ያገኛሉ፤ ዐይንም ከቁልፉ ተላቆ የሚጻፈውን ለመመልከት ነጻ ይሆናል።

ቀድሞ በአንዱ ኮምፒዩተር የተጻፈ አማርኛ በሌላው ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ይሆን ነበር። በ1999 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ፊደላችን ዩኒኮድ በተባለው የዓለም ፊደላት መዝገብ ከገባ ወዲህ ግን መንገዱ ተጠርጓል፤ የቀረው የእኛ ትጋት ነው።

በየቤቱ ያላችሁ ልጆች ሆይ፤ ለእናትና ለአባታችሁ በቀን አንድ ቁልፍ ብቻ አሳዩአቸው፤ ሲዘገዩም ከእጃቸው አትንጠቁ። እነርሱ «ሀ» እና «ሁ»ን ሲያስለዩአችሁ አልቸኰሉባችሁምና። ወላጆችም ከልጅ መማርን እንደ ውርደት አትቍጠሩት፤ ካለመጠየቅ ደጅ አዝማችነት ይቀራል ተብሏል። የራሱን አቤቱታ በራሱ ጣት ጽፎ፥ አንብቦ የፈረመ ሰው ምሥጢሩም ቃሉም በእጁ ነው።