በሩን ጠረጴዛ ማድረግ

ቤቱ ሆኖ ለሚሠራ ሰው ከውጭ የመጣ የቢሮ ዕቃ ብክነት ነው ባይ ነኝ። የእኔ ጠረጴዛ ከፈረሰ ቤት የወጣ የጣውላ በር ነው። በብርጭቆ ወረቀት ፍቄ፣ ቫርኒሽ ቀብቼ፣ ብየዳ ቤት ባሠራሁት የብረት እግር ላይ አሳረፍኩት፤ ከፍታው 75 ሳንቲ ሜትር። ችፑድ ቢሆን ኖሮ ቡና በፈሰሰበት ቁጥር ጠርዙ ያብጥ ነበር።

አስቸጋሪው ግድግዳው ነው። የኮንዶሚኒየም ብሎኬት ውስጡ ክፍት ስለሆነ ተራ ፊሸር አብሮ ይሽከረከራል እንጂ አይይዝም። ስለዚህ የመጽሐፍ መደርደሪያ መሬት ላይ ይቁም፤ ግድግዳው የቀን መቁጠሪያውን ከቻለ ይበቃዋል። (አከራይ ያለበት ሰው ደግሞ መብሻውን ከማንሳቱ በፊት ይጠይቅ።) መስኮቱን ከጀርባ ማድረግ አልወድም፤ ስክሪኑ መስታወት ይሆናል። በቀኝ እጁ የሚጽፍ ሰው ብርሃኑን በግራው ቢያደርግ የእጁ ጥላ ወረቀቱ ላይ አያርፍም።

ደረሰኝና ፍላሽ የማስቀምጠው እናቴ በሰፋችው የአክርማ ሙዳይ ነው፤ ከየትኛውም የፕላስቲክ መሳቢያ ይበልጥብኛል። ለመብራት ገመዱም መላ አበጅቻለሁ፦ ማከፋፈያውን ከጠረጴዛው ሥር በቪቴ አጥብቄዋለሁ፣ ወለሉ ሲወለወል ውሃ አይደርስበትም።