ማንጎው መሬት ሳይነካ



ከአሁን ቀደም በዚህ ዓምድ ስለ ፖም ማርማላታ አሠራር ጽፈን ነበር። ከጋምቤላ ከተማ አንዲት እኅት ታዲያ «እናንተ ስለ ፖም ታወራላችሁ፤ እኛ ግቢ ማንጎው ከዛፍ እየወረደ የዝንብ ሲሳይ ይሆናል፤ ለእኛስ ምን አላችሁ?» ስትል ወቀሰችን። ወቀሳዋ ተገቢ ነው። ፖም እንደ ጨንቻ ያለ ብርዳም ደጋ የሚወድ ዛፍ ነው፤ ከባሕር ወለል በላይ 500 ሜትር ገደማ ላይ ለምትገኘው ጋምቤላ የሚሆን አይደለም። ማንጎ ግን በባሮ ዳርም በየግቢውም ሞልቷል።

ችግሩ ሁሉም በአንድ ጊዜ መድረሱ ነው። በዚያ ሰሞን ለጎረቤት ልስጥ ቢሉ እንኳ ተቀባይ የለም፤ የጎረቤትም ዛፍ ጎንበስ ብሏልና። አዲስ አበባ ይላክ ቢባል መንገዱ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ የበሰለ ማንጎ ይህን ያህል መንገላታት አይችልም። ከጥቂት ወራት በኋላ ግን ያው ቤት ለልጆቹ ፍራፍሬ ለማቅመስ ገንዘብ ያወጣል። ኢስራፍ ነው ብለን እናቶችን ለመውቀስ አንደፍርም። በዚያ ሙቀት ፍሬን ማቆየት ዘዴ ይጠይቃል።

ዘዴው የሚጀምረው ከጊዜው ነው። ቀድሞ የሚደርሰውን ማንጎ አድርቁት፤ ዝናቡ እየጠና ከሄደ በኋላ ፀሐይ አትታመንም፣ ያን ጊዜ የሚደርሰው ለድስት ይሁን። ለማድረቅ በስሎ ገና ጠንከር ያለውን ምረጡ። ልጣችሁ በስሱ ቁረጡት፣ ሎሚ በተጨመቀበት ውኃ ነከር አድርጋችሁ አውጡና ንጹሕ ሰፌድ ላይ ሳይደራረብ ዘርጉት። ለዝንቡ ስስ ሻሽ ጣል አድርጉበት። ማታ ማታ ወደ ቤት ይግባ፤ የሌሊቱ እርጥበት የቀኑን ድካም ያበላሻል። በጣት ሲታጠፍ የማይሰበር፣ ሲጫኑት ግን እርጥበት የማያወጣ ከሆነ ደርቋል ማለት ነው። ክዳኑ በሚገጥም ዕቃ አስቀምጡት።

ወደ ማርማላታው እንምጣ። የበሰለ ማንጎ ብቻውን ሲቀቀል አይረጋም፤ የሚያረጋውና የሚያኮመጥጠው ነገር በብዛት ያለው በጥሬው ውስጥ ነው። ስለዚህ ለሦስት የበሰለ አንድ ጥሬ ቀላቅሉ። ለአንድ ኪሎ የተላጠ ማንጎ አንድ ኪሎ ስኳርና የሁለት ሎሚ ጭማቂ ይበቃል። በእንጨት ማንኪያ እያማሰላችሁ አፍሉት። ቀዝቃዛ ሳሕን ላይ ጠብ አድርጋችሁ በጣት ስትገፉት ከተጨማደደ ደርሷል።

ስኳሩ መወደዱን እናውቃለን። እኛም አንድ ዓመት ለመቆጠብ ብለን በግማሽ ቀንሰን ሠራነው፤ በሁለተኛው ሳምንት ክዳኑ ተነፍቶ፣ ሲከፈት «ቲስ!» አለና አረፋው ፈሰሰ። ስድስት ብልቃጥ ሙሉ ደፋን። ስኳር የሚጨመረው ለጣዕም ብቻ አይደለም፤ ውኃውን ይዞ ተዋሕስያን እንዳይራቡ የሚያደርገው እሱ ነው። ስኳር ሲያንስ ፍሬው ይብላላል፣ የተብላላ ፍሬ ደግሞ ወደ አልኮል ይሄዳል። ለሙስሊም ቤት ጉዳቱ የገንዘብ ብቻ አይደለም። ለኢፍጣር ተጨምቆ ያደረ ጁስም ቢሆን አረፋ ካወጣና ምላስን ቆንጠጥ ካደረገ ለልጆች ስኳር ጨምሮ ማጠጣት አይገባም፤ ይደፋ።

ብልቃጦቹን ታጥበው ሲያበቁ 15 ደቂቃ ቀቅሏቸው። ማርማላታውን ትኩስ እንዳለ ሞልታችሁ ክደኑና ውኃው ከክዳኑ በላይ እንዲሆን አድርጋችሁ እንደገና 15 ደቂቃ ቀቅሉት። የተከፈተው ብልቃጥ ማቀዝቀዣ ከሌለ ቶሎ ያልቅ፤ ስለዚህ ትንንሽ ብልቃጥ ይሻላል።

አንዳንዱ ማንጎ ልጣጩ ላይ ቀይ ቀይ ነጠብጣብ ያወጣል። እ.ኤ.አ. በ2010 በምሥራቅ ወለጋ ታይቶ በምዕራቡ አገራችን የተዛመተው ነጭ የማንጎ ተባይ የሚተወው ምልክት ነው። ነጋዴ እንዲህ ያለውን አይወድም። ውስጡ ደህና ከሆነ ግን ለድስት ምንም አይለው፤ አጥቦ መላጥ ነው።

ኬክ ለምትወዱ፦ ሁለት ብርጭቆ የፉርኖ ዱቄት፣ ሁለት የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር፣ ግማሽ ግማሽ ብርጭቆ ስኳርና ዘይት፣ ሁለት እንቁላል፣ አንድ ብርጭቆ የተፈጨ የበሰለ ማንጎ። ወተት አያስፈልገውም። ኦቨን የሌላት በወፍራም ድስት ከታች ለስላሳ ፍም፣ ከክዳኑ ላይ ደግሞ ጠንከር ያለ ፍም አድርጋ 45 ደቂቃ ያህል ትጋግረው። ከታች ያለው እሳት ከበዛ ያራል፤ እኛ ዘንድ ሁለት ጊዜ አርሯል።

የጥሬውን ማንጎ አቻር ለሚቀጥለው ወር አቆይተነዋል። ጋምቤላ ያላችሁ እኅቶች የራሳችሁ አሠራር ካላችሁ እስከዚያው ጻፉልን።