በቅሎ ታገደ፤ ነዳጅ አለፈ፦ ማዕቀብ የሚያርፈው በማን ላይ ነው?

ዓለም ከተማ፦ የጀማን ሸለቆ ወርዶ ወደ ዓለም ከተማ የሚወጣው የጭነት መኪና የክረምቱ ዝናብ ሳይጠነክር ከሚያደርሳቸው ዕቃዎች ዋነኛው የአፈር ማዳበሪያ ነው። ከኅብረት ሥራ ማኅበሩ መጋዘን እስከ ማሳው ያለውን መንገድ ደግሞ ከረጢቱ ብዙውን ጊዜ የሚጨርሰው በአህያና በበቅሎ ጀርባ ነው። ጤፍና ማሽላ የሚያመርተው የመርሐቤቴ ገበሬ በታላላቆቹ መንግሥታት መካከል የሚደረገውን የማዕቀብ ፍልሚያ በሬዲዮ ይሰማው ይሆናል፤ በእርግጥ የሚያውቀው ግን በማዳበሪያው ዋጋ ነው።

ይህ አካባቢ ማዕቀብን የሚያውቀው ግን ከማዳበሪያ በፊት ነው። ፋሺስት ኢጣሊያ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ኢትዮጵያን ስትወር፣ የመንግሥታቱ ማኅበር ወራሪነቷን በቀናት ውስጥ አረጋግጦ ከኅዳር 8 ቀን ጀምሮ የኢኮኖሚ ማዕቀብ ጣለባት። ሃምሳ ያህል አገሮች ከኢጣሊያ ዕቃ ላለመግዛት፣ ብድር ላለመስጠትና መሣሪያ ላለመሸጥ ተስማሙ። ወደ ኢጣሊያ እንዳይላኩ ከተከለከሉት ዕቃዎች ዝርዝር ውስጥ ጎማ፣ ቆርቆሮ፣ ኒኬል ይገኙባቸዋል። ፈረስ፣ በቅሎ፣ አህያና ግመልም በዝርዝሩ ሰፍረዋል። ነዳጅ ግን የለም፤ የድንጋይ ከሰልም እንዲሁ። የስዊዝ ቦይም ወታደርና ጥይት ለጫኑት የኢጣሊያ መርከቦች ክፍት እንደሆነ ቆየ። ታንክና አውሮፕላን ይዞ በመጣ ጦር ላይ የበቅሎ ንግድ ተዘጋበት ማለት ነው።

ነዳጅ የተተወው በመርሳት አልነበረም። ብሪታንያና ፈረንሳይ ሙሶሊኒን አስቆጥተው ወደ ሂትለር መግፋት አልፈለጉም፤ የማኅበሩ አባል ያልነበረችው አሜሪካም ነዳጅ መሸጧን አላቆመችም። ሙሶሊኒ ማዕቀቡ ነዳጅን ቢጨምር ኖሮ በቀናት ውስጥ ከኢትዮጵያ ለመውጣት ይገደድ እንደነበር በኋላ ለሂትለር ነግሮታል ይባላል። ከዚህ የባሰው ደግሞ ቀደም ብሎ የተደረገው ነው። ብሪታንያና ፈረንሳይ ለሁለቱም ወገን መሣሪያ እንዳይሸጥ ያገዱት ጦርነቱ ሳይጀመር ነበር። ኢጣሊያ መሣሪያዋን ራሷ ትሠራለች፤ ኢትዮጵያ ግን ገዥ ነበረች። እኩል የተባለው ክልከላ አንዱን ብቻ አሰረ፤ ለኢትዮጵያ ሲነሣላትም ጊዜው አልፎ ነበር።

ማዕቀቡ በኢጣሊያ ሕዝብ ላይ ያስከተለው ውጤትም የታሰበው አልሆነም። ሙሶሊኒ የውጭውን ጫና የአገር መደፈር አድርጎ አቀረበው፤ በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. ኢጣሊያውያት የጋብቻ ቀለበታቸውን ሳይቀር ለመንግሥት አስረከቡ። ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሰኔ 23 ቀን በጄኔቭ አቤቱታቸውን ባሰሙ በ15ኛው ቀን፣ ሐምሌ 8 ቀን 1928 ዓ.ም. ማዕቀቡ ጨርሶ ተነሣ። ከዚያ በኋላ ምን እንደተከተለ መንዝ ያውቀዋል። በሚያዝያ 1931 ዓ.ም. በዘረት አመፀኛ ዋሻ የተጠለሉ አርበኞች፣ ከእነርሱም ጋር የነበሩ ሴቶች፣ ሕፃናትና አረጋውያን በመርዝ ጋዝ ተጠቁ፤ ከዋሻው የወጡት ብዙዎቹም ተረሸኑ። በዚያን ጊዜ በኢጣሊያ ላይ የሚጠየቅ ማዕቀብ አልነበረም።

በቅርቡ ደግሞ ኢትዮጵያ ራሷ ማዕቀብ የሚጣልባት ሆነች። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጆ ባይደን በሰሜኑ ጦርነት ምክንያት መስከረም 7 ቀን 2014 ዓ.ም. የማዕቀብ ትእዛዝ ፈረሙ። በዚያው ዓመት ኅዳር ወር በትእዛዙ መሠረት ሀብታቸው እንዲታገድ የተደረገው የኤርትራ ተቋማትና ግለሰቦች ነበሩ፤ በኢትዮጵያ ውስጥ ይዋጉ ከነበሩት ወገኖች ግን የአንዱም መሪ በዝርዝሩ አልገባም። በሌላ በኩል ኢትዮጵያ ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ከአጎዋ፣ ማለትም የአፍሪካ አገሮች ምርታቸውን ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ከሚያስገቡበት ዕድል፣ ተሰረዘች። ፒቪኤች የተባለው ትልቅ የልብስ ኩባንያ በሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ የነበረውን ፋብሪካ ለመዝጋት መወሰኑን ያስታወቀው ከመሰረዙም በፊት ነው።

በእነዚህ ፓርኮች የሚሠሩት አብዛኞቹ ከገጠር የመጡ ወጣት ሴቶች ናቸው። በ2011 ዓ.ም. የወጣ አንድ የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ጥናት የመነሻ ደመወዛቸውን በወር 26 ዶላር ገደማ አድርጎት ነበር። ጦርነቱን ያላወጀች፣ ለማቆምም ሥልጣን የሌላት ልብስ ሰፊ ቅጣቱን ከሁሉ አስቀድማ ቀመሰች። የፕሪቶሪያው ስምምነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ከተፈረመ በኋላ በነበሩት ዓመታትም ኢትዮጵያ ወደ አጎዋ አልተመለሰችም። ለስምምነቱ የጦር ሜዳው ሁኔታና የአፍሪካ ኅብረት ሽምግልና የነበራቸው ድርሻ በግልጽ ይታያል፤ የአጎዋን ድርሻ ነጥሎ ማሳየት ግን አስቸጋሪ ነው። የተፈለገው ሲፈጸም የማይነሣ ቅጣት ደግሞ ማስገደጃነቱን ያጣል።

ማዕቀብ ከቶ አይሠራም ማለት አይደለም። የደቡብ አፍሪካው የዘር መድሎ አገዛዝ ላይ የተጣለው ጫና ከአገር ውስጥ ትግል ጋር ተደምሮ ፍሬ አፍርቷል። ሃፍባወርና ባልደረቦቹ ወደ 200 የሚጠጉ ማዕቀቦችን መርምረው፣ በከፊልም ቢሆን የተሳኩት ከመቶ 34 ያህሉ ናቸው ብለዋል። ሮበርት ፔፕ የተባሉት ምሁር ግን የእነ ሃፍባወርን ቀደምት ጥናት መርምረው፣ ተሳኩ ከተባሉት 40 መካከል በእርግጥ የተሳኩት 5 ብቻ ናቸው ሲሉ ሞግተዋል።

የማዳበሪያው ጉዳይ ከሁለቱም የተለየ ነው፤ በሌላ አገር ላይ የተጣለ ማዕቀብ ዞሮ መርሐቤቴ ሲደርስ የሚታይበት ነው። እንደ ዓለም ባንክ መረጃ አንድ ቶን ዩሪያ እ.ኤ.አ. በ2020 በአማካይ 229 ዶላር ነበር፤ በ2022 ግን 700 ዶላር ሆነ። ለዚህ ማዕቀብን ብቻ መውቀስ ልክ አይሆንም፤ የጋዝ ዋጋ መናርና ቻይና በወጪ ንግዷ ላይ የጣለችው ገደብ ከዩክሬኑ ጦርነት ቀድመው ዋጋውን ሰቅለውት ነበር። ምዕራባውያን የሩሲያ ምግብና ማዳበሪያ በማዕቀቡ አልተካተተም ብለዋል። ይሁን እንጂ ክፍያ የሚያስተላልፈው ባንክ፣ መርከቡን የሚያጓጉዘውና ዋስትና የሚሰጠው ድርጅት ቅጣት ፈርተው ወደኋላ አሉ። በቤላሩስ የፖታሽ ማዳበሪያ ላይ የተጣለው እገዳ ግን ቀጥተኛ ነበር፤ ሊትዌኒያም እ.ኤ.አ. ከየካቲት 2022 ጀምሮ በምድሯ እንዳያልፍ ከለከለች።

የበለጸገ አገር ገበሬ ዋጋው ሲንር ከመንግሥቱ ድጎማ፣ ከባንኩም ብድር ያገኛል። በእኛም አገር መንግሥት የተወሰነውን ጭማሪ በድጎማ ሸፍኗል፤ ሆኖም ያረፈበትን መክፈል ያቃተው አርሶ አደር ያለው ምርጫ የሚዘራውን ማሳ ወይም የሚጨምረውን ማዳበሪያ መቀነስ ነው። ለመኸር የሚሆነው ማዳበሪያ የሚገዛው ደግሞ ከዘር ወቅቱ ወራት አስቀድሞ ነው፤ በጅቡቲ ወደብ አልፎ ዓለም ከተማ እስኪደርስም ረጅም ጉዞ አለው። ስለዚህ በመስከረም የሚወሰን ማዕቀብ የመርሐቤቴን ማሳ የሚያገኘው በሰኔ ነው።