ለመጣው አበባ፣ ለቀረው ካቴና!

በየስብሰባው የምትደጋገም አንዲት ወሬ አለች። ቺካጎ ከተማ ያሉት ኢትዮጵያውያን ሐኪሞች አገር ቤት ካሉት ይበልጣሉ ትላለች። ተረት ናት! ክሌመንስና ፔተርሰን የተባሉ አጥኚዎች እ.ኤ.አ. ለ2000 ባሰሉት መሠረት፣ በመላው አሜሪካ የነበሩት ኢትዮጵያ የተወለዱ ሐኪሞች 420 ገደማ ናቸው። አገር ቤት የነበሩት ግን ከ1,300 በላይ። ታዲያ ተረቷ ለምን አትሞትም? ባለሥልጣኑን ስለምትጠቅም ነዋ! ጥፋቱ የሄዱት፣ መድኃኒቱም የሄዱት ሻንጣ ይሆንና እሱ ለጥ ብሎ ይተኛል። ላም አለኝ በሰማይ!

እኔ ከሄዱት አንዱ ነኝ። ለአሥራ አምስት ቀን በጎ ፈቃደኛ ሆኜ፣ ሁለት ሻንጣ ጓንትና የስፌት ክር ይዤ ነፋስ ስልክ ላፍቶ ውስጥ አንድ የጤና ተቋም ገባሁ። ስሙን አልጠራም፤ እዚያ ያሉት ሰዎች እንጀራቸው ነው። ገና አንድ በሽተኛ ሳላይ ባነር ተሰቀለ፣ ካሜራ ተደቀነ፣ አበባ ታቀፍኩ። ይሁን፣ ያገሬ ሰው እንግዳ ማክበር ያውቅበታል።

ያንገበገበኝ አጠገቤ ቆሞ የሚያጨበጭበው ወጣት ሐኪም ነው። ከሳሪስ፣ ከጀሞ፣ ከለቡ፣ ከሃና ማርያም የሚጎርፈውን ሕዝብ ዓመቱን ሙሉ የሚያየው እሱ ነው። የሰፋሁትን ቁስል ክር የሚያወጣው እሱ፤ እኔ ከሄድኩ በኋላ ቢያመረቅዝ በውድቅት ሌሊት የሚጠራውም እሱ። ምስጋናው ለኔ፣ ተጠያቂነቱ ለሱ! የወር ደመወዙን ሲነግረኝ፣ ለሻንጣዬ ትርፍ ኪሎ ከከፈልኩት ያንሳል። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ዋጋ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ዶላሩ ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በጥቂት ሳምንት ከ100 በላይ ሲወጣ የኔ ኪስ አበጠ፤ የሱ ደመወዝ ሟሸሸ። በአንዱ ክፍል ጥግ ደግሞ በእርዳታ የመጣ መሣሪያ ጨርቅ ለብሶ ተቀምጧል። ሪኤጀንት የለውማ! እሱም እንደኔ ፎቶ ተነስቶ ይሆናል።

እነዚህ ሐኪሞች ግንቦት 2017 ዓ.ም. «ደመወዛችን አላኖረን አለ» ብለው ሥራ ሲያቆሙ ምን ተሰጣቸው? አበባ? ፖሊስ ራሱ 47 የጤና ባለሙያዎች መያዙን በመግለጫ ተናገረ። የሰብዓዊ መብት ድርጅቶች ቁጥሩን ከ100 በላይ አደረሱት።

«በሽተኛ ጥሎ መውጣት ነውር ነው» የሚሉ አሉ። ደግ ብለዋል። በሽተኛን ለጥቂት ቀን መተው ካሳሰረ፣ 20 ዓመት ውጭ የኖርኩት እኔ በየትኛው ሒሳብ ነው የምሸለመው?

ነገሩ ደግሞ ዛሬ አልተጀመረም። ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ኤዲንብራ ቀዶ ሕክምና ተምረው ተመለሱ። እንደኔ ለአሥራ አምስት ቀን አይደለም፣ ጨርሰው ነው የተመለሱት። የሕክምና ፋኩልቲውን ካቋቋሙት አንዱ ሆነው ስንቱን ሐኪም አስተማሩ። በ1985 ዓ.ም. ከ40 ከሚበልጡ የዩኒቨርሲቲ መምህራን ጋር ተባረሩ፤ ቀጥሎም ወኅኒ ወረዱ። ሕመም ከጠናባቸው በኋላ ታኅሣሥ 1991 ዓ.ም. ለሕክምና ወጡ፤ በዚያው ዓመት ግንቦት ወር ፊላደልፊያ ላይ አረፉ። ቀዶ ሐኪሙ የሰው አገር ሆስፒታል ውስጥ!

እኔን ማመስገኑን ተዉትና ደመወዙን፣ የሌሊት ተረኝነት ክፍያውን አስተካክሉ። ጥያቄ ያነሳን ሐኪም ማሰሩንም አቁሙ። ይኼን ለማድረግ ከአሜሪካ የሚመጣ ሻንጣ አያስፈልግም።

ያ ወጣት ሐኪም ፓስፖርት አውጥቷል። ባለፈው ዓርብ ምሳ ላይ ጠጋ ብሎ «ዶክተር፣ እዚያ የሚሰጠው ፈተና ይከብዳል?» አለኝ። እስከ ዛሬ አልመለስኩለትም። ባለሥልጣኖቻችን፣ ምን ልበለው?