ክኒኑን ከመዋጥ በፊት ጽሑፉን ማንበብ

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ አበው። ይህ ምሳሌያዊ አነጋገር የተነገረው ሕመሙን በኀፍረት ለሚሸሽግ ሰው ነው። ይሁን እንጂ በሽታን የሚደብቀው ኀፍረት ብቻ አይደለም፤ ያለ ልክና ያለ ዕውቀት የሚዋጥ ክኒንም ይደብቀዋል።

በአዲስ አበባ ደቡብ ምዕራብ ክፍል በሚገኘው በመካኒሳ አቦ ሠፈር የሚኖር አንድ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ እናስብ። የጥቅምት ብርድ ገብቶ ጉንፋን ከቤት ወደ ቤት ሲዛመት የሁለት ዓመት ታናሽ እኅቱ ሰውነቷ እንደ እሳት ይፋጃል። እናቱ ገንዘብ አስጨብጣ፣ «ሮጥ ብለህ ከመድኃኒት ቤት የትኩሳት ክኒን ይዘህልኝ ና» ትለዋለች። አያቱም ከተቀመጡበት ሆነው፣ «ለእኔ አንድ ሙሉ ነው የሰጡኝ፤ ለእርሷ ግማሹ ይበቃታል» ይላሉ። በማሸጊያው ላይ በእንግሊዝኛ የታተመውን ጽሑፍ ማንበብ የሚችል ሰው ግን ከልጁ በቀር በቤቱ ውስጥ የለም። እንግዲህ የሕፃኗ ደኅንነት በዚህ ተማሪ ንባብ ላይ ወደቀ ማለት ነው።

ይህች ከተማ የቫይረስ በሽታን ክፋት ታውቃለች። በኅዳር ወር 1911 ዓ.ም. «የኅዳር በሽታ» ተብሎ የሚታወሰው ኢንፍሉዌንዛ በገባ ጊዜ በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ አልቆባታል። ኅዳር 12 ቀን በየደጁ ቆሻሻ የማቃጠል ልማድ የዚያ መቅሠፍት መታሰቢያ ነው። ያን ጊዜ በሕዝቡ እጅ ክኒን አልነበረም። ዛሬ ክኒኑ በየመንደሩ ይገኛል፤ ዕውቀቱ ግን አብሮት አልገባም። በእኔ አስተያየት ማንበብ የሚችል ማንኛውም ተማሪ የመድኃኒቱን ስም፣ መጠንና ሰዓት አንብቦ ለቤተሰቡ የማስረዳት ግዴታ አለበት።

ለመሆኑ ይህ ክኒን ምን ይሠራል? ትኩሳት በራሱ በሽታ ሳይሆን ሰውነት ከቫይረስ ጋር በሚታገልበት ጊዜ የሚያሳየው ምልክት ነው። ፓራሲታሞል ሙቀቱን ይቀንሳል፤ ራስ ምታትንና ቁርጥማትን ያስታግሣል፤ ቫይረሱን ግን አይገድልም። ስለሆነም የሚሰጠው ሕመምተኛው ዕረፍት አግኝቶ ውኃና ምግብ እንዲወስድ ለመርዳት ነው። ትኩሳቱ ስለ በረደ በሽታው ጠፍቷል ማለት አይደለም። ትኩሳቱ ስለ ተመለሰም ክኒኑን መደራረብ አይገባም።

ቁጥሩን እንመልከት። ለዐዋቂ ሰው የተለመደው ክኒን 500 ሚሊ ግራም ነው። ጤነኛ ጉበት ያለው ዐዋቂ በአንድ ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ሊወስድ ይችላል፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ግን ከ8 ክኒን፣ ማለትም ከ4,000 ሚሊ ግራም ማለፍ የለበትም። በየስድስት ሰዓቱ ለሚወስድ ሰው በአገራችን አቆጣጠር ሰዓቱን ማስታወስ ቀላል ነው፤ ከንጋቱ 12 ሰዓት፣ ከቀኑ 6 ሰዓት፣ ከምሽቱ 12 ሰዓትና ከሌሊቱ 6 ሰዓት ይሆናል። ለሕፃን የሚለካው ግን በክብደት ነው። ለአንድ ኪሎ ግራም ክብደት በአንድ ጊዜ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ግራም ይሰጣል፤ በቀንና በሌሊት ውስጥ ከ4 ጊዜ አይበልጥም። የተማሪው እኅት 12 ኪሎ ግራም ብትመዝን የሚገባት ከ120 እስከ 180 ሚሊ ግራም ነው። አያቷ ያሉት ግማሽ ክኒን 250 ሚሊ ግራም ስለሆነ ከልኩ ያልፋል። ይህ በየአራት ሰዓቱ ቀንና ሌሊት ቢደጋገም ጉበቷን ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ ለእርሷ የሚሻለው ሽሮፕ ነው፤ መስፈሪያውም ከጠርሙሱ ጋር የተሰጠው እንጂ የወጥ ማንኪያ አይደለም።

ከዚህም በላይ አንድ መድኃኒት በብዙ ስም ይሸጣል። ፓናዶል የሚባለው ፓራሲታሞል ነው፤ ብዙ የጉንፋን መድኃኒቶችም ፓራሲታሞል አለባቸው። ስሙን ብቻ አይቶ ሁለቱንም የሚውጥ ሰው ሳያውቀው እጥፍ ይወስዳል። የሚያሠጋውም የጉበት ጉዳት በመጀመሪያው ቀን ጎልቶ ላይታይ መቻሉ ነው። ስለዚህ ከልክ በላይ የወሰደ ሰው ሕመም እስኪሰማው ሳይጠብቅ ወዲያውኑ ወደ ሕክምና መሄድ አለበት።

ስለ አስፕሪን ደግሞ የተለየ ማስጠንቀቂያ አለ። እ.ኤ.አ. በ1963 ዳግላስ ራይ የተባለ አውስትራሊያዊ ሐኪም የሕፃናትን አንጎልና ጉበት የሚያጠቃ ብርቱ ሕመም ገለጸ። ሕመሙ ኢንፍሉዌንዛ ወይም ጉድፍ ይዟቸው አስፕሪን ከወሰዱ ልጆች ጋር የተያያዘ መሆኑ ቆይቶ ታወቀ። በአሜሪካ ከ1979 እስከ 1980 ባለው አንድ ዓመት 555 ሕሙማን ተመዝግበው ነበር፤ ወላጆች ከተነገራቸው በኋላ ግን ከ1994 እስከ 1997 በዓመት ከሁለት አልበለጡም። ይህን ሁሉ ሕይወት ያተረፈው አዲስ መድኃኒት ሳይሆን የተነበበ ማስጠንቀቂያ ነው። ስለዚህ ሐኪም ካላዘዘ በቀር ከ16 ዓመት በታች ላለ ልጅ አስፕሪን አይሰጥም።

ከቆላ ተመልሶ ትኩሳት የያዘው ሰውም ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። በ2006 ዓ.ም. በድሬዳዋ ደንጊ የተባለው በወባ ትንኝ ሳይሆን በሌላ ዓይነት ትንኝ የሚተላለፍ የቫይረስ በሽታ ተነሥቶ ነበር። በዚህ በሽታ አስፕሪን፣ አይቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክ ደም መፍሰስን ሊያባብሱ ይችላሉ። ደግሞም ትኩሳቱ የወባ ሊሆን ስለሚችል ደም ሳይመረመር በክኒን ብቻ ማብረድ ጊዜን ማባከን ነው።

አንዳንድ ሰዎች ግን፣ «ለምች ዳማከሴ እያሸን ስንኖር ማን ሚሊ ግራም ቆጠረ?» ብለው ይከራከሩ ይሆናል። ልማድን መናቅ አይገባም። ሆኖም ክኒን እንደ ቅጠል በእፍኝ የሚገመት አይደለም፤ ተለክቶ የተሠራ ነው፤ ልኩ ሲያልፍ ያው መድኃኒት መርዝ ይሆናል። ሌሎች ደግሞ፣ «ለጉንፋን ሁሉ ሐኪም ቤት ለመሄድ አቅም የለንም» ይላሉ። እውነት ነው። ግን ማንበብና ባለሙያውን፣ «ስንት? በየስንት ሰዓቱ? ለስንት ቀን?» ብሎ መጠየቅ ገንዘብ አያስከፍልም። ይሁንና ሕመምተኛው ውኃ እንኳ መጠጣት ካቃተው፣ የዋጠውን ሁሉ ካስታወከ፣ ካንቀጠቀጠው፣ ከደነዘዘ፣ መተንፈስ ከከበደው፣ ትኩሳቱ ከሦስት ቀን ካለፈ ወይም ሕፃኑ ሦስት ወር ያልሞላው ከሆነ ወደ ጤና ጣቢያ ለመውሰድ ማመንታት አይገባም።

ወደ መካኒሳ አቦው ተማሪ እንመለስ። ከመድኃኒት ቤቱ ሽሮፑን ይዞ ሲመለስ መጠኑን ለእናቱ በአማርኛ ያነብላት፤ የተሰጠበትንም ሰዓት በደብተሩ ቅጠል ላይ ጽፎ ግድግዳው ላይ ይለጥፍ። ሌሊት የምትነሣው እናት ያንን ወረቀት አይታ ሳትደግም ብታልፍ፣ የልጁ ትምህርት ከፈተና ውጤት የሚበልጥ ፍሬ አፈራ ማለት ነው።